ርዕደ መሬት በምን ይለካል?

የርዕደ መሬትን ኃይል ለመመዘን ሊቃውንት ብዙ ዘመን ሲጠቀሙበት የኖሩት ሚዛን ፍርስራሹ ነበር። ጣሊያናዊው ቄስና የእሳተ ገሞራ ተመራማሪ ጁሴፔ መርካሊ እ.ኤ.አ. በ1902 ያወጣው፣ ኋላም ሌሎች አስፍተው 12 ደረጃ ያደረጉት መስፈርት፣ የተንጠለጠለ ፋኖስ ከመወዛወዙ ጀምሮ ግንብ እስኪናድ ድረስ ሰው ያየውንና የተሰማውን በየማዕረጉ የሚያስቀምጥ ነው። ለታሪክ ጸሐፊ የሚጠቅም መሆኑ አይካድም፤ ዳሩ ግን በምድረ በዳ ወይም በባሕር ሥር ለሚሆነው መናወጥ ምስክር ስለማይገኝ፣ ያው አንዱ መንቀጥቀጥም በደለል ላይ በተሠራ ከተማና በዓለት ላይ በቆመ መንደር የተለያየ ማዕረግ ስለሚያገኝ፣ የምድሪቱን ኃይል ከሕንፃው ድካም ለይቶ የሚናገር ሌላ መለኪያ ማስፈለጉ አልቀረም።

ይህን መለኪያ በ1935 ያበጀው በካሊፎርኒያ የቴክኖሎጂ ተቋም ይሠራ የነበረው ቻርልስ ሬክተር ሲሆን፣ ባልደረባው ቤኖ ጉተንበርግም በምክር ረድቶታል። የተማመነበት መሣሪያ እጅግ ረቂቅ ነው፤ ከአንድ ግራም የማይከብድ መዳብ በቀጭን የተንግስተን ሽቦ ላይ ተጣብቆ ይቆማል፤ መሬት ስትናወጥ ሽቦው ይጠማዘዛል፤ በመዳቡ ላይ ያለችው ትንሽ መስታወትም የብርሃን ጨረሩን በሚሽከረከር የፎቶግራፍ ወረቀት ላይ እየመለሰች የምድርን እንቅስቃሴ ከ2000 እጥፍ በላይ አጉልታ ትጽፋለች። ሬክተር የደነገገው እንዲህ ነው፦ ይህ መሣሪያ ከመናወጡ መነሻ 100 ኪሎ ሜትር ርቆ ሳለ የ1 ሚሊ ሜትር ሞገድ ቢጽፍ መጠኑ 3፣ 1 ሳንቲ ሜትር ቢጽፍ 4፣ 10 ሳንቲ ሜትር ቢጽፍ 5 ይባል። መሣሪያው የቆመበት ርቀት ሌላ ቢሆን፣ ፈጣኑና ዘገምተኛው ሞገድ በሚደርሱበት ጊዜ መካከል ካለው ልዩነት ርቀቱ ይሰላና ቁጥሩ ይታረማል።

አንባቢ ልብ ሊለው የሚገባው ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው። ቁጥሩ በአንድ ከፍ ባለ ጊዜ የሞገዱ ስፋት 10 እጥፍ፣ የሚለቀቀው ኃይል ግን 32 እጥፍ ያህል ያድጋል፤ ስለዚህ 7 የሆነው ከ5ቱ በሁለት ብቻ የላቀ ቢመስልም፣ በኃይል 1000 እጥፍ ይበልጠዋል። ዜሮም ቢሆን ጸጥታ ማለት አይደለም፤ የዛሬ መሣሪያዎች ከዜሮ በታች የሆኑትን ጥቃቅን መናወጦች ይመዘግባሉ።

ይሁን እንጂ የሬክተር መሣሪያ አጥርቶ የሚሰማው ፈጥነው የሚመላለሱትን አጫጭር ሞገዶች ስለ ነበረ፣ ታላላቆቹ መናወጦች ደግሞ ኃይላቸውን ይበልጡን በረዣዥሞቹ ሞገዶች ስለሚለቁ፣ ቁጥሩ 7 አካባቢ ሲደርስ ማደጉን ይተዋል። ይህን ጉድለት በ1970ዎቹ መጨረሻ የሞሉት ጃፓናዊው ሂሮ ካናሞሪና አሜሪካዊው ቶማስ ሃንክስ ናቸው፤ እነርሱም የተሰነጠቀውን ዓለት ስፋት፣ የተንሸራተተበትን ርቀትና የዓለቱን ጽናት አባዝተው ከዚያ ቁጥሩን አወጡ። በዚህ ስሌት በ1960 በደቡብ ቺሌ የደረሰው፣ ቀድሞ ከ9 በታች ይገመት የነበረው መናወጥ፣ 9.5 ሆኖ ተገኘ። ጋዜጠኞቻችን ግን፣ የሚያነቡት ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ በዚህ በአዲሱ ስሌት የተገኘ ሆኖ ሳለ፣ «በሬክተር ስኬል» ማለትን እስከ ዛሬ አልተዉም።

ታላቅ ቁጥር ሁልጊዜ ታላቅ እልቂት ነው ማለትም ስሕተት ነው። በ2010 በሄይቲ የደረሰው 7.0፣ በዚያው ዓመት በቺሌ የደረሰው 8.8 ነበር፤ የቺሌው በኃይል 500 እጥፍ ያህል ሲበልጥ፣ በዚያ የሞቱት 500 ገደማ፣ በሄይቲ ግን ከ100 ሺህ በላይ ናቸው። የሄይቲው መናወጥ ጥልቀቱ ጥቂት፣ ለዋና ከተማዪቱም ቅርብ ነበር፤ ቤቶቹም የተሠሩት ያለ ደንብ ነበር። በአገራችንም እ.ኤ.አ. በ1961 በካራ ቆሬ አካባቢ የደረሰውና ከ6 የበለጠው መናወጥ የመጀቴን ከተማ አፍርሷታል። ስለዚህ ዜናውን የሚሰማ ሰው ከቁጥሩ ጋር ጥልቀቱንና ከከተማ ያለውን ርቀት ቢጠይቅ መልካም ነው።

ብዙ ሰው እንደሚያስበው መለኪያው በ10 አያበቃም፤ በሥርዓቱ የተወሰነለት ጣሪያ የለውም፤ የሚገታው የምድር ስንጥቆች መጠን ነው። በመሣሪያ ከተመዘገቡት ሁሉ ግን የ1960ውን የቺሌ መናወጥ የሚበልጥ እስካሁን የለም።