የከተማን የመጠጥ ውሃ ማከሚያ ሥርዓት ማሻሻል፦ ከማጣሪያ ጣቢያ እስከ መኖሪያ ቤት

ወረርሽኝ በሚከሰትበት ወቅት እጅን በውሃና በሳሙና አዘውትሮ መታጠብ ስለሚያስፈልግ የከተማ ነዋሪ የውሃ ፍላጎት ይጨምራል። የኮቪድ-19 ቫይረስ በመጠጥ ውሃ እንደሚተላለፍ የሚያሳይ ማስረጃ አልተገኘም፤ ቫይረሱ በክሎሪን በቀላሉ ይጠፋል። ይሁን እንጂ በአግባቡ ያልታከመ ውሃ ኮሌራን፣ ታይፎይድንና ሌሎች የተቅማጥ በሽታዎችን ያስተላልፋል። በወረርሽኝ በተጨናነቁ የጤና ተቋማት ላይ እነዚህ በሽታዎች ሲታከሉ ጉዳቱ ይከፋል። ስለዚህ የውሃ ማከሚያ ሥርዓትን ማሻሻል የወረርሽኝ መከላከል አካል ነው።

ቀሪ ክሎሪን ምንድን ነው?

ከግድብ የሚመጣ ውሃ በማጣሪያ ጣቢያ ጭቃው እንዲረጋ ይደረጋል፣ በአሸዋ ይጣራል፣ በመጨረሻም ክሎሪን ይጨመርበታል። ከተጨመረው ክሎሪን ከፊሉ ከቆሻሻና ከተህዋስያን ጋር ሲዋሐድ ያልቃል፤ የሚተርፈው ቀሪ ክሎሪን ይባላል። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ቢያንስ ከ30 ደቂቃ ቆይታ በኋላ በአንድ ሊትር ውሃ 0.5 ሚሊ ግራም ወይም ከዚያ በላይ ቀሪ ክሎሪን እንዲኖር ያዛል። ውሃው የተጠቃሚው ቧንቧ ሲደርስም ቢያንስ 0.2 ሚሊ ግራም ሊኖረው ይገባል።

ይህ ቀሪ መጠን ውሃው በመስመር ላይ ሳለ የሚጠብቀው ዘብ ነው። ውሃ በፈረቃ በሚታደልበት ከተማ መስመሩ ባዶ ሲሆን ግፊቱ ስለሚቀንስ በተሰነጠቀ ቧንቧ በኩል ፍሳሽ ሊገባ ይችላል።

መለካት ለምን ያስፈልጋል?

በክረምት ጎርፍ የደፈረሰ ውሃ ከበጋው ውሃ የበለጠ ክሎሪን ይጨርሳል። በመሆኑም ዓመቱን ሙሉ አንድ ዓይነት መጠን መጨመር አያስተማምንም። በካናዳ ኦንታሪዮ ግዛት በምትገኘው የዎከርተን ከተማ በግንቦት 1992 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2000) ከባድ ዝናብ ከእርሻ የመጣ የከብት እበትን ወደ አንድ የውሃ ጉድጓድ አስገባ። ወደ 5,000 ገደማ ነዋሪ ባላት በዚህች ከተማና በአካባቢዋ ከ2,000 በላይ ሰዎች ታመሙ፤ 7 ሰዎችም ሞቱ። ጉዳዩን የመረመረው አጣሪ ኮሚሽን ቀሪ ክሎሪንንና የውሃ ድፍርስነትን ያለማቋረጥ የሚለኩ መሣሪያዎች በጉድጓዱ ላይ ቢኖሩ ኖሮ አደጋው ሊወገድ ይችል እንደነበር ደምድሟል። ክሎሪን መጨመር ብቻውን በቂ እንዳልሆነና መድረሱም መረጋገጥ እንዳለበት ከዚህ መረዳት ይቻላል።

በሥርዓቱ ውስጥ የሚሻሻለው ምንድን ነው?

የመጀመሪያው ቀሪ ክሎሪንን ያለማቋረጥ የሚለካና መጠኑ ሲወርድ ማስጠንቀቂያ የሚሰጥ መሣሪያ መትከል ነው። ከዚህም በተጨማሪ ከጣቢያው ርቀው ከሚገኙ ሰፈሮች ናሙና በየጊዜው ይወሰዳል።

ሁለተኛው የኬሚካሉ አያያዝ ነው። የክሎሪን ጋዝ በጫና በታሸገ ሲሊንደር ይቀመጣል። ጋዙ ከአየር 2.5 እጥፍ ገደማ ስለሚከብድ ካፈተለከ በዝቅተኛ ቦታ ይተኛል፤ ሳንባንም ይጎዳል። በጋዝ የሚሠራ ጣቢያ የፍሳሽ ጠቋሚ፣ ከወለል አጠገብ አየር የሚያወጣ ማራገቢያና የመተንፈሻ መከላከያ ሊኖረው ይገባል። በርካታ ከተሞች ጋዙን በሶዲየም ሃይፖክሎራይት፣ ማለትም በበረኪና ውስጥ በሚገኘው ፈሳሽ ተክተዋል። ይህ ፈሳሽ በሙቀትና በጊዜ ብዛት ኃይሉን ስለሚያጣ፣ አንዳንድ ጣቢያዎች ጥራቱ ከተጠበቀ ጨው፣ ከውሃና ከኤሌክትሪክ እዚያው ያመርቱታል። በዚህ መንገድ የሚመረተው ፈሳሽ ጥንካሬው ከ1 በመቶ በታች ስለሆነ ለሠራተኛውም ለጎረቤቱም አደጋው አነስተኛ ነው።

ሦስተኛው መጠባበቂያ ነው። ወረርሽኝ የኬሚካል አቅርቦትን ሊያስተጓጉል፣ ሠራተኞችንም በሕመም ከሥራ ሊያስቀር ይችላል። ስለሆነም ተጨማሪ የኬሚካል ክምችት፣ ተለዋጭ ፓምፕ፣ ጄኔሬተርና ተተኪ ባለሙያ አስቀድሞ መዘጋጀት ይኖርባቸዋል።

የነዋሪው ድርሻ

በጣቢያው የታከመ ውሃ በቤት ውስጥ ሊበከል ይችላል። ሮቶና ጀሪካን በየጊዜው መታጠብና ክዳናቸው መዘጋት አለበት፤ ውሃ የሚቀዳበት ዕቃም ንጹሕ ይሁን። ቀላል የክሎሪን ሽታ ውሃው መታከሙን የሚያመለክት እንጂ የመበከል ምልክት አይደለም።

ውሃው ከደፈረሰ ወይም ከረጅም መቋረጥ በኋላ ከመጣ፣ በንጹሕ ጨርቅ አጣርቶ ማፍላት ይገባል። ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ በሚገኙ እንደ አዲስ አበባ ባሉ ከተሞች ውሃው ከተንፈቀፈቀ በኋላ ለ3 ደቂቃ እንዲፈላ ይመከራል። ለውሃ ማከሚያ የተዘጋጀ ክሎሪን የሚጠቀም ሰው በመያዣው ላይ የተጻፈውን መጠን ይከተል።

በረኪናን ከመጸዳጃ ቤት ማጽጃ አሲድ ጋር መቀላቀል ፈጽሞ አይገባም፤ ከድብልቁ የሚወጣው ያው አደገኛ የክሎሪን ጋዝ ነው። የቧንቧ መሰበር ወይም የውሃ ሽታና ቀለም ለውጥ ሲታይም ለከተማው ውሃና ፍሳሽ አገልግሎት ወዲያውኑ ማሳወቅ ያስፈልጋል፤ የአንድ ሰፈር ጥቆማ መሣሪያው ያልደረሰበትን ብልሽት ሊያሳይ ይችላል።