የኮከቦቹ ኪስና የመንግሥት ካዝና

እ.ኤ.አ. በ2020 ኮሮና የእንግሊዝን ትምህርት ቤቶች በዘጋ ጊዜ፣ የማንቸስተር ዩናይትዱ አጥቂ ማርከስ ራሽፎርድ ለችግረኞች ምግብ ከሚያከፋፍለው ፌርሼር ጋር ሆኖ 20 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ የሚገመት እርዳታ አሰባሰበ። በሰኔ ደግሞ ለፓርላማ አባላት ግልጽ ደብዳቤ ጻፈ። እናቱ ቀኑን ሙሉ ብትሠራም ደሞዟ ለቤቱ ቀለብ እንደማይበቃ፣ እሱም የትምህርት ቤት ነጻ ምሳ እየበላ እንዳደገ ነገራቸው። በማግስቱ መንግሥት ቀድሞ አይሆንም ያለውን ሽሮ፣ በሐምሌና በነሐሴ ዕረፍት 1.3 ሚሊዮን ያህል ተማሪዎችን ለመመገብ 120 ሚሊዮን ፓውንድ መደበ። ደብዳቤው ከመዋጮው ስድስት እጥፍ አስገኘ ማለት ነው፤ ለመጻፍ ደግሞ ሳንቲም አልወጣበትም። በጥቅምት ምግቡ በቀጣይ ዕረፍቶችም እንዲሰጥ የቀረበውን ጥያቄ ፓርላማው 322 ለ261 ቢጥለውም፣ ሦስት ሳምንት ሳይሞላ መንግሥት ዳግም እጁን ሰጠ።

አብዛኛው የስፖርተኞች ልግስና ግን በዓይን የሚታይ ሕንፃ ይመርጣል። የሴኔጋሉ እግር ኳስ ተጫዋች ሳዲዮ ማኔ ለትውልድ መንደሩ ለባምባሊ ትምህርት ቤትና ሆስፒታል አሠርቷል። በመንደሩ ሐኪም ቤት ባለመኖሩ አባቱን ያጣ ልጅ ሆስፒታል ቢሠራ ማን ይፈርድበታል? ያም ሆኖ ስለ ሆስፒታሉ ከወቅቱ የአገሩ ፕሬዚዳንት ማኪ ሳል ጋር መነጋገር ነበረበት፤ ግድግዳው ቢቆምም የሐኪምና የነርስ ደሞዝ በየወሩ ይጠበቃል።

የአሜሪካዊው ቅርጫት ኳስ ተጫዋች የሌብሮን ጄምስ ትምህርት ቤትም እንዲሁ ነው። በ2018 በአክሮን፣ ኦሃዮ ሲከፈት ለተማሪዎች የሚሰጠው ብስክሌትና ለወላጆች የሚታደለው ቀለብ ብዙ ተወራለት፤ ዋናውን በጀት የሚሸፍነው ግን የከተማው የሕዝብ ትምህርት ቤቶች አስተዳደር ነው። በ2023 ስምንተኛ ክፍል ሊገቡ ከነበሩት ተማሪዎች ከሦስተኛ ክፍል ወዲህ የሂሳብ ፈተናውን ያለፈ እንደሌለ ሲሰማ ብዙዎች ተሳለቁ። ትምህርት ቤቱ በንባብ ወደኋላ የቀሩትን መርጦ የሚቀበል መሆኑን ለሚያውቅ ስላቁ ፍትሐዊ አልነበረም።

የአስተዳደር ድክመትም አለ። የስፖርት ቴሌቪዥኑ ኢኤስፒኤን በ2013 ከመረመራቸው 115 የስፖርተኞች በጎ አድራጎት ድርጅቶች 74 በመቶው ቢያንስ አንድ የአሠራር መመዘኛ አላሟሉም።

ከዚህ የሚከፋው ገንዘቡ የአፍ መዝጊያ ሲሆን ነው። የአሜሪካ ፉትቦል ሊግ ተጫዋቾች በፖሊስ ግፍ ምክንያት በብሔራዊ መዝሙር ሰዓት ሲንበረከኩ፣ ሊጉ በ2017 በሰባት ዓመት የሚከፈል 89 ሚሊዮን ዶላር ለማኅበራዊ ፍትሕ አቀረበ። ኤሪክ ሪድን የመሰሉ ተጫዋቾች ተቃውሞውን በገንዘብ የማስቆም ዘዴ ነው ብለው ከሊጉ ጋር ይደራደር ከነበረው የተጫዋቾች ጥምረት ወጡ። መንበርከኩን የጀመረው ኮሊን ካፐርኒክ ከራሱ 1 ሚሊዮን ዶላር ለግሷል፤ ችግር ያመጣበት ልግስናው አልነበረም። ሥራ ያሳጣው መንበርከኩ ነው፤ ከ2017 ወዲህ የቀጠረው ቡድን የለም። የኛው ፈይሳ ሌሊሳም በ2016 ሪዮ ላይ የማራቶኑን መስመር ክንዶቹን በተቃውሞ አመሳቅሎ ሲያልፍ ያተረፈው የብር ሜዳሊያና የሁለት ዓመት ስደት ነው።

ማያ ሙር ደግሞ በ2019፣ አራት ዋንጫ በወሰደችበት የአሜሪካ የሴቶች ቅርጫት ኳስ ሊግ ገና ሰላሳ ዓመት ሳይሞላት፣ ያለ በደሉ ታስሯል ያለችውን የ50 ዓመት ፍርደኛ ለማስፈታት ሜዳውን ትታ ወጣች። በሐምሌ 2020 ሰውየው ከወህኒ ሲወጣ በስፍራው ተገኝታ ተቀበለችው። ወደ ሜዳ አልተመለሰችም።