የጃፓኑ የሥዕል ቤትና የልጆቻችን ዓይን

ሥዕል ፊደል ላልቆጠረ ሰው መጽሐፍ እንደ ሆነ የቤተ ክርስቲያን መምህራን ሲያስተምሩ ኖረዋል። ገና ማንበብ ያልጀመረ ሕፃን በቤተ መቅደሱ ግድግዳ ላይ ቅዱስ ጊዮርጊስን በነጭ ፈረስ ተቀምጦ ባየ ጊዜ፥ ገድሉን አስቀድሞ በዓይኑ ያነበዋል። በዘመናችን ግን ሥዕል ከግድግዳ ወርዶ፥ ነፍስ እንዳለው ሁሉ እየተራመደና እየተናገረ፥ በቴሌቪዥንና በእጅ ስልክ ወደየቤታችን ገብቷል። በሺንሺቾም ሆነ በዱራሜ፥ በሆሳዕናም ሆነ በአዲስ አበባ፥ ልጅ ያደገበት ቤት ይህን እንግዳ ያውቀዋል። እንግዳው ከወዴት እንደ መጣና ምን ይዞ እንደ መጣ መጠየቅ ግን የወላጅ ፈንታ ነው።

ስለዚህ በዛሬው ጽሑፋችን፥ በዚህ ሙያ ስሙ በዓለም ሁሉ የገነነውን «ጂብሊ» የተባለውን የጃፓን የሥዕል ፊልም ድርጅት እናነሣለን። የውጭ አገሩን ነገር ስንጽፍ ዘመኑን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እንሰጣለን።

ድርጅቱ በ1985 በቶኪዮ ተቋቋመ። መሥራቾቹም ሃያዎ ሚያዛኪና ኢሳዎ ታካሃታ የተባሉ የፊልም አዘጋጆች፥ እንዲሁም ቶሺዎ ሱዙኪ የተባለ የመጽሔት አዘጋጅ ነበሩ። በ2001 ያወጡት ፊልም በበርሊን የ2002ን ወርቃማ ድብ፥ በአሜሪካም የ2003ን ኦስካር አገኘ። ሚያዛኪ ግን ያን ጊዜ አሜሪካ ኢራቅን በቦምብ ትደበድብ ስለ ነበር ሽልማቱን ለመቀበል አልሄደም። በ2020 ኔትፍሊክስ የተባለው ድርጅት ሃያ አንዱን ፊልሞች አፍሪካን ጨምሮ በብዙ አህጉራት እንዲታዩ አደረገ። በ2024 ደግሞ ሁለተኛ ኦስካር ተጨመረለት።

ዳሩ ግን ሽልማት ስምን ያስጠራል እንጂ የሕፃንን ልብ አይገዛም። ልብ የሚገዛው ምንድን ነው? በ1988 የወጣውን «ጎረቤቴ ቶቶሮ» የተባለውን ፊልም እንመልከት። እናታቸው ታምማ ሆስፒታል የተኛችባቸው ሁለት እኅትማማቾች ከአባታቸው ጋር ወደ ገጠር ይመጣሉ። በታሪኩ ውስጥ የሚያሳድድ ክፉ ሰው የለም፤ ጦርነትም የለም፤ ያለው የእናት ናፍቆትና የሕፃን ፍርሃት ነው። አንድ ምሽት ልጆቹ በዝናብ ውስጥ አውቶቡስ ሲጠብቁ፥ ቶቶሮ የተባለው ግዙፍ የደን ፍጥረት በራሱ ላይ አንዲት ቅጠል ብቻ ደፍቶ መጥቶ ከአጠገባቸው ይቆማል፤ ታላቂቱም የአባትዋን ጃንጥላ ትሰጠዋለች። ዝናብ በመጣ ጊዜ የእንሰት ቅጠል ቆርጦ ራሱን የሚከልል የከምባታ ልጅ ይህን ሲያይ አስተርጓሚ አያስፈልገውም። የድርጅቱ ተወዳጅነት ምሥጢር ከዚህ ላይ ነው፤ የሕፃንን ኑሮ እንደ ትንሽ ነገር አይንቅም፤ ሐዘኑንም በሳቅ አይሸፍንበትም።

ከዚህ ፊልም ጋር ተጣምሮ ለሕዝብ የታየው ሁለተኛው ፊልም ደግሞ በ1945 በኮቤ ከተማ የቦምብ እሳት እናታቸውን ያጡ ወንድምና እኅት በረኀብ እንዴት እንዳለቁ ይተርካል። ያዘጋጀው ታካሃታ ራሱ በዘጠኝ ዓመቱ በኦካያማ ከወረደው የቦምብ እሳት የተረፈ ሰው ነበር። ስለዚህ የሠራው ሥዕል የምስክር ቃል እንጂ ጨዋታ አይደለም።

ሁለተኛው የተወዳጅነቱ ምክንያት ትዕግሥት ነው። በሲኒማ በአንዲት ሴኮንድ 24 ምስል ያልፋል። በ1997 ለወጣው «ልዕልት ሞኖኖኬ» ለተባለው ፊልም ወደ 144,000 ያህል ሥዕል ተሠርቷል፤ ከዚህም ውስጥ ሚያዛኪ ወደ 80,000 የሚሆነውን በገዛ እጁ እንዳረመው ይነገራል። ይህን ስንሰማ የእኛን ቁም ጸሐፊ እናስታውሳለን። ብራናውን ፍቆና ዳምጦ፥ ቀለሙን በጥብጦ፥ የመቃ ብዕሩን ቀርጾ፥ አንድ ዳዊት ለመጻፍ ወራት ይፈጃል። እጅ የደከመበት ነገር ክብር እንዳለው አገራችን ከጥንት ጀምሮ ታውቃለች።

በመጋቢት 2017 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር፥ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚባለው የኮምፒዩተር ጥበብ የማንንም ፎቶግራፍ በቅጽበት የጂብሊ ሥዕል አስመስሎ ማውጣት ስለ ጀመረ፥ ከአገራችንም ብዙ ወጣቶች መልካቸውን በዚህ መንገድ አስቀይረው ለወዳጆቻቸው አሳዩ። መልኩ ያምራል፤ ድካሙ ግን የለበትም። ሚያዛኪ በ2016 ወጣት ባለሙያዎች በኮምፒዩተር የተንቀሳቀሰ ፍጥረት ባሳዩት ጊዜ፥ ነገሩ ለሕይወት ስድብ እንደ ሆነ በግልጽ ተናግሯቸው ነበር። ልጆቻችን ከዚህ ቤት ሊማሩ የሚገባቸው እንግዲህ መልኩን መቅዳት ሳይሆን ትዕግሥቱን ነው።

እስካሁን ያመሰገነው ብዕራችን አሁን ሁለት ነገር ማንሣት ይገባዋል።

የመጀመሪያው የስሙ ነገር ነው። በሊቢያ ዐረብኛ ከበረሃ የሚነሣው ትኩስ ነፋስ «ጊብሊ» ይባላል። ኢጣልያኖች ካፕሮኒ የተባለው ፋብሪካቸው ለሠራው ለአንድ ዓይነት አይሮፕላን ይህን ስም አወጡለት፤ አይሮፕላን ወዳዱ ሚያዛኪም ስሙን ከዚያ ወስዶ ለድርጅቱ ሰጠው። በ2013 ባወጣው ፊልምም የፋብሪካውን መሥራች ጂያኒ ካፕሮኒን፥ በሕልም እየመጣ አንድን ጃፓናዊ ወጣት መሐንዲስ የሚያበረታታ ደግ መካሪ አድርጎ ሣለው። የኢትዮጵያ ሰው ግን ካፕሮኒን በሌላ መልክ ያውቀዋል። ፋሽስት ኢጣልያ በ1928 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር አገራችንን በወረረች ጊዜ፥ የዚህ ፋብሪካ አይሮፕላኖች ቦምብ ተሸክመው በሰማያችን በረዋል፤ የኢጣልያ አየር ኃይልም በሠራዊታችንና በባላገሩ ላይ የመርዝ ጋዝ አፍስሷል። ፊልሙ የመሐንዲሱ ሕልም በጦርነት እንደ ተበላሸ አይሸሽግም፤ የተሰባበሩት አይሮፕላኖች በመጨረሻው ይታያሉ። ዳሩ ግን ከአይሮፕላኑ በታች ስለ ነበረው ገበሬ ለኢትዮጵያዊው ልጅ የሚነግረው የጃፓን ሠዓሊ ሳይሆን የራሱ አባትና አያት ነው።

ሁለተኛው የሃይማኖት ነገር ነው። በ2001 የወጣው ፊልም ቺሂሮ የምትባል የአሥር ዓመት ልጅ፥ የጃፓን አማልክትና መናፍስት ሊታጠቡ በሚመጡበት ቤት ስታገለግል ያሳያል። ይህ የጃፓን ሕዝብ የጥንት እምነት ነው፤ በአንድ አምላክ የምናምን እኛ ከእምነታችን ጋር ልናቀላቅለው አይገባንም። ነገር ግን በዚያው ታሪክ ውስጥ፥ የቺሂሮ ወላጆች ያልተፈቀደላቸውን ማዕድ በስስት በልተው እሪያ ይሆናሉ፤ የቤቱ እመቤትም የልጅቱን ስም ትነጥቃታለች፤ ስሙን የረሳ ሰው ወደ ቤቱ መመለሻ የለውምና። በአርባ ወይም በሰማንያ ቀኑ ተጠምቆ የክርስትና ስም የተቀበለ ልጅ፥ ስምን ስለ መጠበቅ የሚነገረውን ይህን ነገር ከሌላው ሁሉ አብልጦ ሊያስተውለው ይችላል። የሚያስተውለው ግን ከአጠገቡ ተቀምጦ የሚጠይቀው ሰው ሲኖር ነው። ሳይነግሩ መከልከልም ሆነ ሳይነግሩ መፍቀድ ሕፃኑን ብቻውን ይተወዋል።

በልጅ ቋንቋ መልካም ነገር ማቅረብ ለጃፓን ብቻ የተሰጠ ጸጋ እንዳልሆነም እናስታውስ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2005 በአዲስ አበባ ብሩክታዊት ጥጋቡ የተባለች መምህርት ከባለቤትዋ ጋር ሆና፥ «ፀሐይ መማር ትወዳለች» የተባለውን የሕፃናት ዝግጅት በአሻንጉሊት ጀመረች። ፀሐይ የተባለችው ትንሿ ቀጭኔ በአማርኛ እየተናገረች በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን የብዙ ቤት ልጆችን አስተምራለች። የተጀመረውም በትልቅ ገንዘብ አልነበረም፤ ሕፃናትን በሚያውቅ መምህር ልብ እንጂ።

እንግዲህ ወላጆች ሆይ፥ ፊልሙ በተከፈተ ጊዜ ስልኩን እንደ ሞግዚት ትተንላቸው አንሂድ። አብረን እንይ፤ ሲያበቃም ልጁ ምን እንዳስደሰተውና ምን እንዳስፈራው እንጠይቀው። ሠዓሊው ያላወቀውን የአገራችንን ታሪክ እኛ እንጨምርለት፤ ከእምነታችን የሚለየውን እኛ እንለይለት፤ አያቱ የምታውቀውን ተረት እርስዋ ትንገረው። ከዚያም ወረቀትና እርሳስ እንስጠው፤ የጓሮውን እንሰት፥ የሐምበርቾን ተራራ፥ የእናቱን ፊት በገዛ እጁ ይሣል። አንዱ ሥዕል ባያምርለት ሁለተኛውን ይሞክር፤ እኛም ቸኩለን አናርምለት።