ሽንፈት የማይሰለቻቸው ዕጩዎችና የባሕር ዳር ኮሮጆ

በደቡብ ህንድ መቱር በምትባል ከተማ ኬ. ፓድማራጃን የሚባሉ ጎሚስታ አሉ። ኑሯቸው ጎማ መጠገን ነው፤ ምርጫ በመጣ ቁጥር ግን በዕጩነት ይመዘገባሉ። ከ1988 እ.ኤ.አ. ጀምሮ 238 ጊዜ ተሸንፈው፣ በ2024 እንደገና ቀረቡ። ብዙ ድምፅ ያገኙት በ2011 ሲሆን፣ እሱም 6,273 ነው። በ2024 የመረጡት የመወዳደሪያ ምልክት ጎማ ነበር።

ኒውዮርክ ደግሞ ጂሚ ማክሚላን ነበሯት። ነጭ ሪዛቸውን አጎፍረው፣ ጥቁር ጓንት አጥልቀው በ2005 እና በ2009 እ.ኤ.አ. ለከንቲባነት የተነሡት እኚህ ሰው ከአንድ ጉዳይ ፈቀቅ አይሉም ነበር፤ የቤት ኪራይ ናረ ይሉ ነበር። የፓርቲያቸው ስም እንኳ ይኸው ነው። በ2010 ለግዛቲቱ አስተዳዳሪነት ሲወዳደሩ በቴሌቪዥን ክርክር ቀርበው ይህንኑ ደጋገሙ፤ ከ40 ሺህ በላይ ሰው መረጣቸው። አላሸነፉም። የተከራዩን ብሶት ግን ዋናዎቹ ዕጩዎች ቆመው እንዲሰሙ አደረጉ።

ባሕር ዳር እንዲህ ያለ ሰው የምታጣ ከተማ አይደለችም። በ2004 ዓ.ም ጣና ላይ የታየው እምቦጭ፣ በአጥር የተከለለው የሐይቁ ዳርቻ፣ የቤት ኪራዩ፣ እያንዳንዳቸው አንድን ግትር ዕጩ ዕድሜ ልኩን ያስሮጣሉ። የጠፋው የሚወዳደርበት ምርጫ ነው።

የግል ተወዳዳሪ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። የመጀመሪያው የፓርላማ ምርጫ ሲካሄድ ፓርቲ ስላልነበረ ሁሉም በግሉ ነው የቀረበው። በ1997 ዓ.ም የቀድሞው ፕሬዚዳንት ዶ/ር ነጋሶ ጊዳዳ ከደምቢ ዶሎ በግል ተመረጡ። በ2002 ኢሕአዴግና አጋሮቹ ከ547 መቀመጫ 545ቱን ሲወስዱ፣ ዶ/ር አሸብር ወልደጊዮርጊስ ቦንጋ ላይ በግላቸው አሸነፉ። እነዚህ ግን አስቀድሞ ስም ያላቸው ሰዎች ናቸው። ለሰፈር ጎሚስታ በሩ የሚከፈተው በከተማና በቀበሌ ምርጫ ነው።

ያ ምርጫ በመላ አገሪቱ ለመጨረሻ ጊዜ የተካሄደው ሚያዝያ 2005 ዓ.ም ነው። ወደ 3.6 ሚሊዮን ከሚጠጋው መቀመጫ ከወቅቱ ገዥ ግንባርና ከአጋሮቹ እጅ ያመለጠው አምስት ብቻ እንደሆነ ተዘግቧል። በ2013 አዲስ አበባና ድሬዳዋ የከተማ ምክር ቤታቸውን ሲመርጡ ባሕር ዳር አልመረጠችም።

ምርጫ ቦርድና የክልሉ ምክር ቤት ለአካባቢ ምርጫ ቀን ሊቆርጡ ይገባል። ያ ቀን ሲመጣ ጎረቤትዎ የድጋፍ ፊርማ ወረቀት ይዞ በርዎን ቢያንኳኳ፣ ሐሳቡ ባይጥምዎት እንኳ ይፈርሙለት።