ከተማው በሙሉ አንድ መጽሐፍ ሲያነብ

የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ በመሆኔ ደጋግማችሁ የምትጠይቁኝን ልመልስ። «አንድ ከተማ፣ አንድ መጽሐፍ» ማለት ሁሉም ተገዶ ያነባል ማለት አይደለም፤ የምርጥ መጽሐፍ ውድድርም አይደለም። ዓላማው የማይተዋወቁ ሰዎች የጋራ ወሬ እንዲኖራቸው ነው።

ሐሳቡን በ1998 እ.ኤ.አ. ሲያትል ላይ ያስጀመረችው የቤተ መጻሕፍት ባለሙያዋ ናንሲ ፐርል ናት። በ2008 እ.ኤ.አ. ከተማዋ የዲናው መንግሥቱን የመጀመሪያ ልቦለድ መረጠች፤ ባለታሪኩ ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ ትንሽ ሱቅ ያለው ኢትዮጵያዊ ስደተኛ ነው።

ለመጀመር ያሰባችሁ፦

1. የሚያከራክር መጽሐፍ ምረጡ። ሁሉም የሚስማማበት በአሥር ደቂቃ ወሬው ያልቃል።
2. ቅጂው ከውይይቱ ቀድሞ ለአንባቢዎች ይድረስ።
3. «ወደዳችሁት?» ብላችሁ አትጀምሩ፤ አንድ ገጽ ጮክ ብላችሁ አንብቡ። አንድ ምሽት እንዲህ ሳነብ፣ ጥግ ላይ ዝም ብለው የተቀመጡ እናት «ይቺን ሱቅማ አውቃታለሁ» አሉ፤ ከዚያ በኋላ እኔ መናገር አላስፈለገኝም።

በእናንተ ከተማ የትኛው መጽሐፍ ይሁን? ጥያቄም ካላችሁ ጻፉልኝ።