ያውቁ ኖሯል? ካንሰር እንዳያገረሽ የሚዋጡ ቫይታሚኖች

ካንሰር ታክሞ የተሻለው ሰው ካለ፣ ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ሻንጣ ውስጥ የቫይታሚን ብልቃጥ አይጠፋም። «እንዳያገረሽብህ ዋጥ» ይባላል። ከመዋጥዎ በፊት ግን እነዚህን ያውቁ ኖሯል? (ዓመታቱ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ለካሮት ቀለሙን የሚሰጠው ቤታ ካሮቲን በክኒን ሲወሰድ የአጫሾችን የሳንባ ካንሰር እንደሚያበዛ? ፊንላንድ ውስጥ 29,133 አጫሽ ወንዶች የተሳተፉበት ጥናት በ1994 ይፋ ሲሆን፣ ክኒኑን በወሰዱት ላይ በሽታው በ18 በመቶ ጨምሮ ተገኘ። ተመራማሪዎቹ የጠበቁት ተቃራኒውን ነበር። አሜሪካ ውስጥ ቤታ ካሮቲንና ቫይታሚን ኤ አብሮ የሰጠ ሌላ ጥናትም በ1996 ከተያዘለት ጊዜ 21 ወር ቀድሞ ተቋርጧል።

«እነሱ ገና ያልታመሙ ናቸው፤ ታክሞ ለዳነውስ?» ይሉ ይሆናል። ካናዳ፣ ኩቤክ ውስጥ በጨረር ለታከሙ 540 የራስና የአንገት ካንሰር ሕሙማን ቫይታሚን ኢ ወይም አምሳያ ክኒን ተሰጥቷቸው ነበር። ቫይታሚኑን በሚወስዱበት ጊዜ ሌላ አዲስ ካንሰር የወጣባቸው ከአምሳያው ወሳጆች በዝተው ተገኙ። ካቆሙ በኋላ ልዩነቱ ተገለበጠ፤ በስምንት ዓመት ሲታይ ሁለቱ ወገኖች ተቀራረቡ። ያተረፈ የለም።

አውሮፓ ውስጥ 2,592 ሕሙማን የተሳተፉበትና ቫይታሚን ኤ ለሁለት ዓመት የተሞከረበት ጥናትም ጥቅም አላሳየም።

ቫይታሚን ካንሰርንም ሊመግብ እንደሚችል? የቦስተኑ ሐኪም ሲድኒ ፋርበር የደም ካንሰር ለያዛቸው ሕፃናት ከፎሊክ አሲድ ወገን የሆኑ ንጥረ ነገሮች ሲሰጥ በሽታው የፈጠነ መሰለው። ስለዚህ ነገሩን ገልብጦ ፎሊክ አሲድን የሚያግድ መድኃኒት ሞከረ፤ በ1948 በሽታው ለጊዜው መርገቡን አስነበበ። የዚያ መድኃኒት ዘመድ ሜቶትሬክሴት ዛሬም ካንሰር ይታከምበታል።

ይህኛው ደግሞ ብዙ ሰው የማይጠረጥረው ነው። ለፀጉርና ለጥፍር ተብሎ የሚሸጠው ባዮቲን የደም ምርመራን ሊያሳስት ይችላል። የታይሮይድ ካንሰር ታክሞ እጢው የወጣለት ሰው፣ በሽታው መመለስ አለመመለሱ የሚታየው ታይሮግሎቡሊን በሚባል የደም ምርመራ ነው። በርካታ መመርመሪያዎች የሚሠሩት በራሱ በባዮቲን በመሆኑ፣ ደም ውስጥ የተትረፈረፈ ባዮቲን ካለ ውጤቱ ከእውነቱ ዝቅ ብሎ ሊነበብ ይችላል። ካንሰሩ ተመልሶ ወረቀቱ «ሰላም ነው» ሊል ይችላል ማለት ነው። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ባዮቲን የላብራቶሪ ውጤት እንደሚያዛባ በ2017 አስጠንቅቋል።

ቫይታሚን ሁሉ ይጣል ግን አልተባለም። ጨጓራው በሙሉ በቀዶ ሕክምና የወጣለት ሰው ዕድሜ ልኩን ቢ12 ያስፈልገዋል። ከቫይታሚን ኤ ወገን የሆነ መድኃኒትም አንድ ዓይነት የደም ካንሰርን ያክማል፤ እሱ ግን በሐኪም የሚታዘዝ እንጂ ከሱቅ መደርደሪያ የሚነሳ አይደለም።

በሚቀጥለው ቀጠሮዎ ብልቃጦቹን በሙሉ በፌስታል ይዘው ለሐኪምዎ ያሳዩ፤ ደም ከመስጠትዎ በፊትም ባዮቲን እንደሚወስዱ ይናገሩ።