ካሜራና ዝንጀሮ፦ ቀርቦ ማንሣት የሚያስከትለው አደጋ በፊዚክስ ዓይን

ከወልቂጤ በጅማ መንገድ ወደ ግቤ ሸለቆ የሚወርድ ተጓዥ በመንገዱ ዳር ዝንጀሮዎችንና ጦጣዎችን ማየቱ የተለመደ ነው። አንዳንድ መንገደኞች ምግብ ስለሚወረውሩላቸው ሰውን መሸሽ ትተው ወደ ቆመ መኪና ይጠጋሉ። ለፎቶግራፍ ወዳጅ ይህ መልካም አጋጣሚ ይመስላል። ነገር ግን በእጁ የያዘው መሣሪያ በብዙ ሺህ ብር የተገዛ፣ ምናልባትም የአንድ ክበብ ወይም የትምህርት ክፍል የጋራ ንብረት ሊሆን ይችላል። በዚህ ጽሑፍ ጉዳቱ በምን በምን መንገድ እንደሚደርስና እንዴት ማስቀረት እንደሚቻል እንመለከታለን።

እንስሳው ለምን ይቀርባል?

ዝንጀሮ አዲስ ነገርን የሚመረምረው በእጁና በአፉ ነው። በተለይ ግልገሎች ያላዩትን ዕቃ መንካትና መንከስ ይወዳሉ። በሌላ በኩል በዝንጀሮዎች ዘንድ ዓይንን ተክሎ ማየት የዛቻ ምልክት ነው። ከፊቱ የተደቀነ ሰፊ ሌንስ እንደ ፈጠጠ ዓይን ሊቆጠር ይችላል፤ መስታወቱም የእንስሳውን ምስል መልሶ ያሳየዋል። ስለዚህ በጉጉት የጀመረው መቀራረብ በቅጽበት ወደ ቁጣ ሊለወጥ ይችላል።

ጉጉቱ የዝንጀሮ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2009 እንግሊዛዊው ፎቶግራፍ አንሺ ዊል ቡራርድ-ሉካስ ከርቀት በሚታዘዝ ትንሽ ተሽከርካሪ ላይ ካሜራ ጭኖ በታንዛኒያ ወደ ዱር እንስሳት ልኮ ነበር። አንበሶች ካሜራውን ነክሰው ከጥቅም ውጪ አደረጉት፤ ምስሎቹን የያዘው ሚሞሪ ካርድ ግን ተርፏል። ፎቶግራፍ አንሺው ራሱ ሩቅ ስለነበር የከፈለው ዋጋ የዕቃ ብቻ ሆነ።

መነጠቅና መውደቅ

1 ኪሎ ግራም የሚመዝን ካሜራ ከ1.5 ሜትር ከፍታ ቢወድቅ መሬት ሲደርስ ፍጥነቱ በሰከንድ 5.4 ሜትር፣ ኢነርጂውም 15 ጁል ያህል ይሆናል። ወሳኙ ነገር ካሜራው በምን ያህል ርቀት ውስጥ ይቆማል የሚለው ነው። ድንጋይ ላይ አርፎ በ2 ሚሊ ሜትር ውስጥ ቢቆም አማካይ ኃይሉ 7,400 ኒውተን ገደማ ነው፤ ይህም የካሜራውን ክብደት 750 ጊዜ ያህል ያጥፋል። በቦርሳው ውስጥ ያለው ስፖንጅ በ4 ሴንቲ ሜትር ውስጥ ቢያቆመው ግን ኃይሉ ከ400 ኒውተን በታች ይወርዳል። በሥራ ላይ ያልሆነ ሌንስ ሁልጊዜ በቦርሳ ውስጥ መሆን ያለበት ለዚህ ነው። የካሜራው ማንገቻም ተንጠልጥሎ ለሚጎትት እጅ መጋለጥ የለበትም።

ምራቅና አቧራ

የሌንስ ገጽ ባዶ መስታወት አይደለም። ያልተቀባ መስታወት በአንድ ገጹ ከሚያርፍበት ብርሃን 4 በመቶ ያህሉን ይመልሳል። ይህን ለመቀነስ ገጹ እንደ ማግኒዢየም ፍሎራይድ ባሉ ቁሶች ይሸፈናል። የአንድ ንብርብር ሽፋን ውፍረት ብርሃኑ በሽፋኑ ውስጥ ከሚኖረው የሞገድ ርዝመት አንድ አራተኛው ነው፤ ለአረንጓዴ ብርሃን 100 ናኖሜትር ያህል ይሆናል። ይህም ከሰው ፀጉር ውፍረት አንድ ሺህኛ ገደማ መሆኑ ነው።

እንስሳ የላሰው ሌንስ ላይ አቧራ ይጣበቃል። ቡታጅራ የምትገኘው የጥንት እሳተ ገሞራ ቅሪት በበዛበት አካባቢ ነው፤ በአቅራቢያዋ ያለው የሐረ ሸይጣን ሐይቅም በእሳተ ገሞራ ጉድጓድ ውስጥ የተኛ ነው። በእንዲህ ዓይነት አፈር ውስጥ የሚገኘው ፌልድስፓር በሞስ የጥንካሬ መለኪያ 6 ገደማ ሲሆን ተራ መስታወት 5.5 ያህል ነው። ስለዚህ የቆሸሸን ሌንስ በሸሚዝ ጫፍ መወልወል በአሸዋ ወረቀት እንደ መፈግፈግ ይቆጠራል። መጀመሪያ አቧራውን በአየር ማራገፍ፣ ቀጥሎ ለስላሳ ጨርቅ በሌንስ ማጽጃ አርጥቦ በቀስታ ማበስ ያስፈልጋል። ከሌንሱ ፊት የሚገጠም ርካሽ ፊልተር ጭረቱን በራሱ ላይ ያስቀራል።

ጤዛ

ወልቂጤ ወደ 1,900 ሜትር ከፍታ ላይ ስትገኝ የግቤ ድልድይ አካባቢ ወደ 1,100 ሜትር ይጠጋል። አየሩ በየ1,000 ሜትሩ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ስለሚለዋወጥ ሸለቆው ከከተማው በ5 ዲግሪ ያህል ይሞቃል። በማለዳው ብርድ የቀዘቀዘ ካሜራ ሞቃትና እርጥብ አየር ሲያገኝ፣ ወይም እንስሳ አፍንጫውን አስጠግቶ ሲተነፍስበት፣ በላዩ ላይ ጤዛ ይቋጠራል። ጤዛው ወደ ውስጥ ከገባ ኤሌክትሮኒክ ክፍሎችን ይጎዳል። መፍትሔው ካሜራውን በተዘጋ ቦርሳ እንዳለ ቀስ በቀስ እንዲሞቅ መተው ነው።

ርቀትን በሌንስ መግዛት

ከሁሉ የሚበልጠው መከላከያ ርቀት ነው። በሴንሰሩ ላይ የሚያርፈው ምስል ቁመት በግምት የሌንሱ የትኩረት ርቀት በእንስሳው ቁመት ተባዝቶ በመካከል ላለው ርቀት ሲካፈል ይገኛል። ተቀምጦ 70 ሴንቲ ሜትር የሚረዝም ዝንጀሮ ከ2 ሜትር ርቀት በ50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ቢነሣ ምስሉ 17.5 ሚሊ ሜትር ይሆናል። በ200 ሚሊ ሜትር ሌንስ ደግሞ ያንኑ መጠን ከ8 ሜትር ርቀት እናገኛለን። በእርግጥ ረጅም ሌንስ የእጅን መንቀጥቀጥ ያጎላል፤ ስለዚህ የመዝጊያውን ጊዜ ከ1/200 ሰከንድ ማሳጠር ወይም ካሜራውን በመኪናው መስኮት ላይ በጨርቅ አስደግፎ ማንሣት ይመከራል። የስልክ ካሜራ ሌንስ በአብዛኛው ሰፊ እይታ ስላለው ተጠቃሚውን ወደ እንስሳው ይጋብዛል፤ በስልክ የሚያነሣ ሰው ከመቅረብ ይልቅ በትንሽ ምስል ቢረካ ይሻላል።

በመጨረሻም ጉዳዩ የዕቃ ብቻ አይደለም። የዱር እንስሳ ንክሻ የእብድ ውሻ በሽታን ሊያስተላልፍ ይችላል። የተነከሰ ሰው ቁስሉን ለ15 ደቂቃ በውኃና በሳሙና አጥቦ ሳይዘገይ ወደ ጤና ተቋም መሄድ አለበት። ለፎቶ ብሎ ምግብ መወርወርም ዝንጀሮውን ከመንገድ ዳር እንዳይርቅ ያስተምረዋል፤ በፍጥነት የሚከንፉ መኪናዎች የሚያልፉትም በዚያው መንገድ ነው። ስለዚህ ወደ ግቤ የሚወርዱ የተማሪዎች ክበባት ከጉዞው በፊት ሁለት ነገሮችን ቢወስኑ መልካም ነው፤ ከስንት ሜትር በታች እንደማይቀርቡ፣ ምግብም ለማንም እንስሳ እንደማይሰጡ።